በሰው በዓል ስለ መገኘት

የራሱን በዓል በአገሩና በወገኑ መካከል የሚያከብር ሰው ጭንቀት የለበትም። ምን እንደሚበላ፥ ምን እንደሚለብስ፥ የማንን ጉልበት እንደሚስም አባቶቹ ሠርተው አቆይተውለታል። ጭንቀት የሚመጣው በሰው በዓል ላይ ሲገኙ ነው። እንግዳ የሆነ ሰው በማያውቀው በዓል ምን ያህል ይግባ? ከባለበዓሎቹ ጋር አብሮ ሊደሰት ይገባዋልን፥ ወይስ በራሱ ሥርዓት ጸንቶ ዳር ቆሞ ይመልከት? ይህ ጥያቄ ለሊቃውንት ብቻ የቀረበ አይደለም፤ ልጁን ወደ ውጭ አገር የላከ ወላጅ ሁሉ አንድ ቀን ሳይወድ ያገኘዋል። እኔም ያገኘሁት ሳላስበው ነው። ከእርሱም የተማርሁት ነገር ከጠበቅሁት የራቀ ስለ ሆነ፥ ለአንባቢ ልናገረው ወደድሁ።

የምኖረው በአዲስ አበባ፥ በወሎ ሰፈር ነው። ሰፈራችን በቦሌ መንገድ ላይ፥ ወደ ጎተራ የሚወስደው መንገድ ከሚገነጠልበት ዘንድ መሆኑን ከተማውን የሚያውቅ ሁሉ ያውቀዋል። የእህቴ ልጅ በአየርላንድ መንግሥት የትምህርት ዕድል አግኝቶ በ2016 ዓ.ም. ሜይኑዝ በምትባል ከተማ ይማር ነበር። ሜይኑዝ ከደብሊን በስተምዕራብ ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል የምትርቅ ትንሽ ከተማ ናት። በቅዱስ ፓትሪክ ስም የተሰየመው ኮሌጅ በአውሮጳውያን አቈጣጠር በ1795 ከተመሠረተባት ወዲህ፥ የከተማይቱ ኑሮ ከተማሪዎች ጋር የተሳሰረ ነው።

በዚያ ዓመት መጋቢት 8 ቀን፥ በእነርሱ አቈጣጠር ማርች 17፥ ልጁ በስልክ አንድ ፎቶግራፍ ላከልኝ። በራሱ ላይ አረንጓዴ ቆብ ደፍቷል። በጉንጩ ላይ ሦስት ቅጠል ያላት ትንሽ ሣር በአረንጓዴ ቀለም ተሥላለች። በቀኝ እጁ ጥቁር ቢራ የሞላ ብርጭቆ ይዟል፤ ግራ እጁን በማላውቀው ጐረምሳ ትከሻ ላይ ጥሏል። ሁሉም ይሥቃሉ። ከፎቶግራፉ በታች፥ «ጋሼ፥ እንኳን ለቅዱስ ፓትሪክ በዓል አደረስዎ» የሚል ጽሑፍ አለበት።

ሁዳዴ ከገባ ገና አንድ ሳምንቱ ነበር። ተቈጣሁ። ወዲያውም፥ «ልጄ፥ ባየሁት ነገር አዝኛለሁ። እናትህ እዚህ እህል ውኃ ሳትቀምስ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ትቆያለች፤ አንተ እዚያ በሰው ቆብ፥ በሰው በዓል፥ በሰው ቢራ ትፈነጥዛለህ። የማን ልጅ መሆንህን አትርሳ» ብዬ ጻፍሁለት። ይህን የመጨረሻውን ቃል አንባቢ ልብ ይበልልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

ቁጣዬ ሲበርድ ግን፥ ያልመረመርሁትን ነገር መንቀፌ ከነከነኝ። የማያውቁትን በዓል ማውገዝ የማያውቁትን ሰው እንደ መስደብ ያለ ነው። ስለዚህ በዓሉ ምን እንደ ሆነ መጠየቅና ማንበብ ጀመርሁ።

ያገኘሁትም የመጀመሪያው ነገር አስገረመኝ። ፓትሪክ አየርላንዳዊ አልነበረም። በአምስተኛው መቶ ዓመት ገደማ በብሪታንያ ይኖር የነበረ ልጅ ነው። ዕድሜው ዐሥራ ስድስት ዓመት ያህል ሲሆን ወንበዴዎች ማርከው ወደ አየርላንድ ወሰዱትና በባርነት መንጋ ጠባቂ ሆነ። ስድስት ዓመት ከቆየ በኋላ አምልጦ ወደ ወላጆቹ ተመለሰ። ታሪኩ በዚህ ቢያበቃ ኖሮ ማንም ባላስታወሰው ነበር። ነገር ግን ጳጳስ ሆኖ፥ ባሪያ ወደ ነበረበት አገር በፈቃዱ ተመልሶ ሕዝቡን ወንጌል አስተማረ። መማረኩንና መመለሱን እርሱ ራሱ በጻፈው ኑዛዜ ተናግሮታል።

ይህን ባነበብሁ ጊዜ የራሳችን አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ትዝ አሉኝ። ፍሬምናጦስም የጢሮስ ሰው እንጂ የአክሱም ተወላጅ አልነበሩም። በልጅነታቸው የተሳፈሩበት መርከብ በቀይ ባሕር አደጋ ደረሰበት፤ እርሳቸውም ከሞት ተርፈው ወደ አክሱም ቤተ መንግሥት ተወሰዱ። ኋላም በአራተኛው መቶ ዓመት፥ ቅዱስ አትናቴዎስ በእስክንድርያ ጳጳስ አድርገው ሾሟቸውና በምርኮ ወደ መጡበት አገር በሹመት ተመለሱ። እንግዲህ ሁለቱም ሕዝቦች፥ እኛም እነርሱም፥ በሃይማኖት አባታችን የምንለው ሰው በግድ የመጣ እንግዳ ነው። ለእንግዳ ክብር የቆመ በዓል እንግዳን ከደጅ ሊመልስ አይችልም።

የጾሙንም ነገር ጠየቅሁ። ማርች 17 ምንጊዜም በእኛም በእነርሱም ዐቢይ ጾም ውስጥ ይውላል፤ እነርሱ ግን በዚያ ቀን ጾሙን ማላላት የቆየ ልማዳቸው ነው። ሆኖም ስለ መጠጡ ባለበዓሎቹ ራሳቸው ሲያስቡበት ኖረዋል፤ መንግሥታቸው በአውሮጳውያን አቈጣጠር ከ1927 ጀምሮ ከሠላሳ ዓመት በላይ በዚህ ቀን መጠጥ ቤቶች እንዲዘጉ በሕግ አዝዞ ነበር። ሰልፉና ሆታውም ቢሆን የደመቀው በመጀመሪያ በስደት ነው። አየርላንዳውያን ወታደሮች በኒው ዮርክ ከተማ በ1762 ተሰልፈው በዓሉን አክብረዋል፤ በደብሊን የመንግሥቱ ሰልፍ የተጀመረው ግን በ1931 ነው። ይህም ሊያስደንቀን አይገባም። በዋሽንግተን የሚኖሩ ወገኖቻችን ዕንቁጣጣሽን እንዴት እንደሚያከብሩ ያየ ሰው ምክንያቱን ያውቀዋል። በአገሩ ያለ ሰው በዓሉ ራሱ ይመጣለታል፤ ስደተኛ ግን ሄዶ ካልፈለገው አያገኘውም።

ይህን ሳወጣ ሳወርድ የተወለድሁበት የወሎ ሥርዓት ትዝ አለኝ። በወሎ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ ተጋብተውና ተዋልደው ይኖራሉ። ሠርግ የደገሰ ሰው ሁለት ከብት ያሳርዳል፤ አንዱ በክርስቲያን እጅ፥ አንዱ በሙስሊም እጅ ይባረካል። ድስቱም፥ ወጥ ሠሪዋም ይለያል፤ ሣቁና ምርቃቱ ግን አንድ ነው። እንግዳው ሃይማኖቱን በር ላይ ጥሎ አይገባም፤ ባለቤቱም እንግዳው እንዲጥልለት አይጠብቅም። ስለዚህ ለጥያቄዬ መልስ ያገኘሁ መሰለኝ፤ ሰው ራሱን ይዞ ከሄደ በሰው በዓል ላይ መገኘቱ ነውር የለበትም አልሁ። ይህንኑ ጽፌ ልልክለት ሳስብ የልጁ ደብዳቤ ቀደመኝ።

«ጋሼ» ይላል ደብዳቤው፥ «ስለ ቢራው ይቅር ይበሉኝ። ብርጭቆው ለፎቶግራፍ ያህል የተያዘ ነው ብዬ ልዋሽዎት አስቤ ነበር፤ ግን ጠጥቻለሁ። አሁን የምጽፍልዎት ግን ስለ ሌላ ነገር ነው።»

ሰልፉ ካለቀ በኋላ ብቻውን ሊናፈስ ወጣ። በከተማይቱ በኩል ሮያል ካናል የተባለ፥ በሰው እጅ የተቆፈረ የጀልባ መተላለፊያ ቦይ ያልፋል። በቦዩ ዳር ባለው የእግር መንገድ ሲሄድ አንድ ጥንድ የልጅ ጫማ አየ። ልጅ ጥሎት የሄደ መስሎት ሊያነሣ ጐንበስ ሲል ነሐስ ሆኖ አገኘው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በአውሮጳውያን አቈጣጠር በ1845 የአየርላንድን ድንች በሽታ መታው፤ ድኻው ሕዝብ ደግሞ ኑሮው በድንች ላይ ብቻ የቆመ ነበር። እስከ 1852 ድረስ አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው አለቀ፤ ከዚያ የማያንስ ሰው ተሰደደ። ሕዝቡ እየተራበ እህልና ከብት በመርከብ ወደ እንግሊዝ ይጫን ነበር። በ1847 ስትሮክስታውን ከሚባል የባላባት ርስት 1,490 ጭሰኞች ተነሥተው፥ 165 ኪሎ ሜትር ያህል በእግራቸው ተጕዘው ደብሊን ገቡ፤ ከዚያም በመርከብ ወደ ካናዳ ተላኩ፤ ብዙዎቹም በመንገድ ቀሩ። ያ መንገድ ዛሬ የረኃብ መንገድ ተብሎ ተከልሏል። የነሐሱ ጫማዎችም በየስፍራው ተተክለውበታል፤ አምሳያነታቸው በአንድ አሮጌ ጎጆ ክዳን ውስጥ ተጣምረው ታስረው ለተገኙ የልጅ ጫማዎች ነው።

ልጁ በዚያ ቆሞ ሳለ አንድ ሽማግሌ አጠገቡ ቆሙና ከወዴት እንደ መጣ ጠየቁት። ከአዲስ አበባ፥ ከወሎ ሰፈር ነው አላቸው። ሽማግሌው፥ «ወሎ» የሚለውን ስም ሲሰሙ ቆባቸውን አወለቁ። በ1985 እርሳቸው ወጣት አስተማሪ ሳሉ ከተማሪዎቻቸው ጋር በጣሳ ሳንቲም እየለመኑ ለወሎ ይልኩ እንደ ነበር ነገሩት። ከዚያም፥ «እናንተስ የሞቱባችሁን እንዴት ታስታውሷቸዋላችሁ?» ብለው ጠየቁት።

ደብዳቤው የሚያበቃው እንዲህ ብሎ ነው፤ «ጋሼ፥ የምመልስላቸው አጣሁ። ወላጆቻችን ከላስታ መሆናቸውን ከመስማት በቀር ከእናቴም ከእርስዎም የሰማሁት ነገር የለም። የማን ልጅ መሆንህን አትርሳ ብለውኛል። ያልነገሩኝን እንዴት እረሳለሁ?»

አንባቢ ሆይ፥ ይህን ጥያቄ ካነበብሁ በኋላ ስለ ቢራው ለመናገር አፍ አልነበረኝም። ልጁ የጠጣውን ጠጥቻለሁ ብሎ ነግሮኛል። እኔ ግን አርባ ዓመት ሊሞላው ትንሽ የቀረው ነገር ሸሽጌ ነበርሁ። በወሎ ሰፈር እየኖርሁ፥ አገርህ የት ነው ላለኝ ሁሉ ሸዋ ነው እል ነበር።

መስከረም 2 ቀን 1977 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የአብዮቱ ዐሥረኛ ዓመት በታላቅ ድግስ ተከበረ። አደባባዩ በመብራትና በባንዲራ አጊጦ ነበር ይባላል። እኛ ከላስታ የተነሣነው በዚያው ወር ነው። እናቴ፥ እኔ፥ ስምንት ዓመት የሞላት እህቴና አምስት ዓመት የሆነው ታናሽ ወንድማችን ወደ ኮረም አመራን፤ አባታችን ቤት እጠብቃለሁ ብሎ ቀረ፤ ዳግመኛም አላየነውም። እኔ ዐሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር። ወንድሜን በቁራጭ ጋቢ አዝዬ የምሄድ እኔ ነበርሁ። በአራተኛው ቀን፥ ፀሐይ በራስ ላይ ስትሆን፥ ትንፋሹ ከአንገቴ ላይ ቀረ። አወቅሁ። ነገር ግን አልተናገርሁም። ብናገር እናቴ ትቀመጣለች፤ ከተቀመጠች አትነሣም፤ እህቴም አብራ ትቀራለች ብዬ ፈራሁ። እናቴ፥ «አምጣው እስቲ ልቀበልህ» ስትለኝ፥ «ተኝቷል፥ አትቀስቅሽው» አልኋት። እስከ ማታ ድረስ ተሸክሜው ሄድሁ። ማታ ከመንገድ ዳር ድንጋይ ከምረን ቀበርነው። ዝምታዬ የተጀመረው በዚያ ቀን እኩለ ቀን ላይ ነው።

ኋላ በአጎታችን ቤት ተጠግተን ወደ አዲስ አበባ ከመጣን በኋላ ዝምታው ሌላ ምክንያት አገኘ። በዚያው ጥቅምት፥ በእነርሱ ኦክቶበር 23 ቀን 1984፥ የኮረም ሕዝብ ፊልም በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ታይቶ ዓለምን ዞረ። የማላውቀው ሕዝብ ሁሉ ዐይቶናል። በተማርሁበት ትምህርት ቤት «የወሎ ረኃብተኛ» የሚባለው ስድብ ጨዋታ ነበር። መራብ ነውር እንዳልሆነ የሚነግረኝ ሰው አላገኘሁም፤ ስለዚህ እንደ ነውር ሸሸግሁት። በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም የሚለውን ተረት እያወቅሁ ሸሸግሁት።

ለልጁ በጽሑፍ መመለስ አቃተኝና ስልክ ደወልሁለት። ከላይ የጻፍሁትን ሁሉ ነገርሁት። ብዙ ጊዜ ዝም ካለ በኋላ፥ «ስሙ ማን ነበር?» አለኝ። ስሙን ነገርሁት። «ጫማስ ነበረው?» አለኝ። አልነበረውም አልሁት። ማናችንም አልነበረንም።

በማግሥቱ ወደ እህቴ ሄጄ፥ ወንድማችን የሞተው ማታ ሳይሆን እኩለ ቀን ላይ መሆኑን፥ እኔም አውቄ እናታችንን መዋሸቴን ተናዘዝሁላት። እህቴ ሽሮዋን እያማሰለች ሰማችኝ። ፊቷን ሳትመልስ፥ «አውቅ ነበር። ከኋላህ ነበር የምሄደው። እጁ ሲወዛወዝ አይቻለሁ» አለችኝ።

እንግዲህ ሁለታችን ያንኑ ድንጋይ በሁለት ሆድ ተሸክመን ኖረናል። አንዳችን ብንናገር ኖሮ የሌላውን ሸክም ባቀለልን ነበር። እናታችንም ታውቅ እንደ ሆነ የምንጠይቃት አጥተናል፤ ካረፈች ብዙ ዓመት ሆኗታል።

ከዚህ በኋላ ስለ አየርላንዶቹ በዓል ያለኝ አሳብ ተለወጠ። ቀድሞ የጠየቅሁት እንግዳ ምን ያህል ይግባ የሚለውን ነበር። አሁን ግን ከእርሱ የሚቀድም ጥያቄ መኖሩን አየሁ፤ ይኸውም በዓሉ ምን ያስታውሳል የሚለው ነው። በዓል ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ሐዘንን ለመሸፈን የሚደረግ ነው፤ የመስከረም 1977 ድግስ እንዲህ ያለ ነበር፤ መብራቱ የበራው ጨለማው እንዳይታይ ነው። ሁለተኛው ሐዘኑን ይዞ የሚደሰት ነው። የሜይኑዝ ሰዎች ጧት ተሰልፈው ይጨፍራሉ፤ የነሐሱም ጫማ ያንኑ ቀን በቦዩ ዳር ነው። አንዱ ሌላውን አያሳፍረውም።

ሐዘኑን ያልሸሸገ ሕዝብ የሌላውን ሐዘን ለማወቅም ይፈጥናል። በ1847 በአሜሪካ የቾክታው ነገድ ሰዎች ለአየርላንድ ረኃብተኞች 170 ዶላር ያህል አዋጥተው ላኩ። እነርሱ ራሳቸው ከርስታቸው ተነቅለው፥ ብዙ ወገን በመንገድ ቀብረው አዲስ ስፍራ ከገቡ ሃያ ዓመት አልሞላቸውም ነበር። ኮንሰርን የተባለው የአየርላንዶች ማኅበርም በ1966 ዓ.ም. ግድም በወሎው ረኃብ ወደ አገራችን መጣ። በ1977ቱ ረኃብ ፊልሙን ዐይቶ ዘፋኞችን ያስተባበረው ቦብ ጌልዶፍም አየርላንዳዊ ነው። ይህ ሁሉ የሆነው በአጋጣሚ ብቻ ነው ብዬ አላምንም። አያቱ በመንገድ ዳር የተቀበረችበት ሰው በመንገድ ዳር የሚቀብረውን ሲያይ አላውቀውም ሊል አይችልም። እኛ ግን የተቀበልነውን እያወቅን፥ ስለ ራሳችን ሲጠይቁን ስማችንን ስንደብቅ ኖርን። ለረዳን ሰው ልንከፍለው ከምንችለው ዕዳ አንዱ የደረሰብንን በራሳችን አፍ መናገር ነው።

በሚቀጥለው ዓመት መጋቢት 8 ቀን 2017 ዓ.ም. ሁዳዴና ረመዳን ገጥመው ዋሉ። ልጁ ትምህርቱን ጨርሶ ተመልሶ ነበር። እህቴ ቤት ቄጠማ ጐዝጕዛ፥ የሽምብራ ንፍሮ ቀቅላ፥ ዳቦ ጋግራ፥ ለሙስሊም ጎረቤቶቻችን ተምር ገዝታ፥ ለማፍጠሪያ ሰዓት ጠራቻቸው። የመጡት ዘጠኝ ነበሩ። ቡናው ሲፈላ ስለ ወንድማችን ነገርኋቸው። ከጨረስሁ በኋላ ዝም አሉ፤ እኔም ባልተናገርሁ ብዬ ልጸጸት ስል፥ ዕድሜያቸው ከሰባ የሚበልጥ አንዲት እናት፥ «የእኔ በስድሳ ስድስት ነው፤ ሁለት ናቸው» ብለው ጀመሩ። ሃያ ዓመት ቡና አብረን ስንጠጣ ይህን አላውቅም ነበር። ሦስተኛው ሲኒ ሳይደርስ አራት ሰዎች ተናገሩ። ከዚያ በኋላ ምን እንደ ሆነ ብነግር የሚያምነኝ አላገኝም፤ ሣቅን። ከመካከላችን አንዱ ልጁን ያን አረንጓዴ ቆብ አምጣና አድርገው አለው፤ አመጣና አደረገው፤ እኒያ እናትም፥ «ይህስ ከቄጠማው ጋር ይሄዳል» አሉ።

እኔ ለእህቴ ልጅ የጻፍሁት ተግሣጽ ቃሉ ትክክል ነበር፤ ተናጋሪው ግን አልተገባውም። የማን ልጅ መሆንህን አትርሳ የሚል ሰው አስቀድሞ የማን ልጅ እንደ ሆነ ሊነግረው ይገባል። ልጃችሁን ወደ ሰው አገር የምትልኩ ወላጆች፥ ጾምህን ጠብቅ ብላችሁ መምከራችሁ መልካም ነው። ከስንቁ ጋር ግን በቤታችሁ የሆነውን፥ የሚያስከብራችሁንም የሚያሳዝናችሁንም፥ አብራችሁ ስጡት። በሰው በዓል መካከል ሲቆም፥ እናንተስ የሞቱባችሁን እንዴት ታስታውሷቸዋላችሁ ብሎ የሚጠይቀው ሽማግሌ አይጠፋም። በዚያን ጊዜ የሚመልሰው ይኑረው።